ቱባ ነፊው ባንታየሁ እና የዘገየው መርዶ

ባንታየሁን ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው። ስሙን የማያውቅ እንኳ መሣሪያውን ያውቃል። ቅዳሜ ጠዋት በጋሪና ማታቱ በሚባሉት ሚኒባሶች መሐል፣ ጭቃውን እየዘለለ፣ አንድ ረጅም ከሲታ ሰው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ናስ እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ሲሄድ ያየ ሰው ባንታየሁን አየ ማለት ነው። ኬንያውያኑ «ታሩምቤታ» ይሉታል፤ ጥሩምባ ማለታቸው ነው። እሱ ግን ቱባ ነፊ ነው። ቱባ በማርሽ ባንድ ውስጥ ከሁሉም የሚገዝፈው፣ ድምፁ ከሁሉም የሚወፍረው፣ አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተው መሣሪያ ነው። በብርድ ልብሱ ውስጥ የሚዞረው ደግሞ ኢውፎኒየም የሚባለው የቱባ ታናሽ ነው፤ ከጊኮምባ የሰልባጅ ገበያ ተጨፈላልቆ የተገኘ፣ ባንታየሁ በራሱ መዶሻ ያቃናው።

ሐረር ወደነበረ አንድ ክፍለ ጦር የገባው ገና ጢሙ ሳያጎነቁል ነው። ልቡ ትራምፔት ላይ ነበር። የሙዚቃ ክፍሉ አለቃ ግን ደረቱንና ከንፈሩን አየና ወደ መጋዘኑ ጥግ ወስዶ ቱባውን አሳየው።

«ዜማ የሚያወጣ ሞልቶኛል» አለው። «ያጣሁት መሬት የሚሆነኝን ሰው ነው። ሌላው ሁሉ የሚቆመው አንተ ላይ ነው።»

ባንታየሁ ይህን ሲናገር ዛሬም ወገቡ ቀና ይላል። ጦሩ ሲበተን እሱም ከተበተኑት ጋር በሞያሌ በኩል ወጣ። ሌላው ሰው ያን ቀን ያገኘውን ብርድ ልብስና ጠመንጃ ይዞ ሲወጣ፣ እሱ ቱባውን ወልውሎ መጋዘን አስገባና በሩን ቆልፎ ቁልፉን መስኮቱ ላይ አኖረ። «የመንግሥት ንብረት ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ የመጠለያ ጣቢያ ኑሮ ነው፤ ከዚያ በኋላ ናይሮቢ። እዚህ አጸደን አገባ። አጸደ ኢስትሊ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት። ቤቱ የቆመው በእሷ ሱቅ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አይናገሩትም።

ለቱባ ነፊ ምን ሥራ አለ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ የባንታየሁ ኑሮ ነው። አንድ ባንድ ጥሩምባ ነፊ ብዙ ይፈልጋል፤ ቱባ ግን አንድ ይበቃዋል። ያ አንዱ ጡረታ እስኪወጣ ወይም እስኪሞት ወንበሩ አይለቀቅም። ደኅናው ወንበር ያለው በጦሩ፣ በፖሊሱና በወህኒ ቤቱ ባንድ ነው፤ እነሱ ደግሞ ለስደተኛ አይከፈቱም። ሆቴል ሳክስፎን ይቀጥራል፣ ኪቦርድ ይቀጥራል፤ ቱባ ይዞ የሆቴል በር ላይ የቆመ ሰው ዕቃ ሊያራግፍ የመጣ ነው የሚመስለው። የኛም ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ገዛች። ኪቦርዱ በአንድ ጣት የቱባን ድምፅ ያወጣል። ባንታየሁ ያን ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰማና «አይተነፍስም» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

የቀረለት ቀብር ነው። እዚህ አገር አቅም ያለው ቤተሰብ አስከሬኑን ወደ ገጠር ከመሸኘቱ በፊት የናስ ባንድ ያስመጣል። ባንታየሁ ከእንዲህ ያለ ባንድ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ይነፋል። ነጭ ካፖርት ይለብሳል፤ የራሱን ለጓደኛ አውሶ የባንዱን ቱባ ይሸከማል፤ የማያውቀውን ሰው ይሸኛል። ሰኞ ላይ ሥራህ ምንድን ነው ቢሉት ምን እንደሚል አያውቅም።

እናቱ ወይዘሮ ፋንቱ ይኖሩ የነበሩት አሰበ ተፈሪ ነው። እሑድ እሑድ ይደውልላቸዋል። አንድ ጊዜ ኢውፎኒየሙን በስልክ ነፋላቸው።

«ልጄ፣ ይኼ ላሟ ናት ወይስ አንተ ነህ?» አሉት።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«እሰይ። ሥራ ያዝክ ታዲያ?»

«እነፋለሁ፣ እማ።»

«መንፋትህን ሰማሁ። ሥራ ያዝክ ወይ ነው ያልኩህ።»

ይህ ጥያቄ በየእሑዱ ነበር። በቁጣ አልነበረም፤ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምትለካ ነው። እሱም በየእሑዱ ወሬውን ወደ ዝናብና ወደ ጤና ያዞረዋል። አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር፦ አንድ እሑድ «አዎ፣ እማ፣ ያዝኩ» ማለት።

ያ ነገር የመጣ መሰለ። ላቪንግተን ውስጥ ላለ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች አዳዲስ ቱባና ኢውፎኒየም ላኩለት። መሣሪያዎቹ ከነሣጥናቸው ተቀመጡ፤ የሚያስተምር አልተገኘም። ለዚያ ትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱት ጋሽ ሕዝቅያስ ናቸው፤ በኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ለሙዚቃ መምህሩ ለኦዲምቦ፣ በአገሩ ቋንቋ «ሙዋሊሙ» ለሚሉት፣ ስለ ባንታየሁ ነገሩት። ኦዲምቦ ጠርቶ አስነፋው፤ ሰምቶም ወደደው። ወንበሩ አንድ ነው፤ ፈላጊው ሁለት ሆነ፤ ሌላው ከሞምባሳ የሚመጣ ጡረተኛ ነበር። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ቅዳሜ ተሰብስቦ ሁለቱንም ሰምቶ ይወስናል ተባለ። የተመረጠው የወር ደሞዝተኛ ይሆናል፤ የሥራ ፈቃዱንም ትምህርት ቤቱ ያወጣለታል። ኦዲምቦ እንዲለማመድበት ብሎ አዲስ የቱባ አፍ አዋሰው፤ ከንፈር የሚያርፍበት፣ ተነቅሎ የሚገጠም የብር ቀለም ያለው ዋንጫ ነው። ባንታየሁ በመሐረብ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። ለእናቱ አልነገራቸውም። እሑድ፣ ከውሳኔው በኋላ፣ ሊነግራቸው ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሙ ከአሰበ ተፈሪ ለአጸደ ደወለ። ወይዘሮ ፋንቱ ማለዳ አርፈው ነበር። ለባንታየሁ እንዳትነግሪው፣ በወጉ ይነገረው አላት።

አጸደ ሱቋን ዘግታ ወደ ጋሽ ሕዝቅያስ ሄደች። መርዶ በኛ ወግ እንዲሁ አይነገርም። ሰው የእናቱን ሞት በስልክ፣ ቆሞ፣ መንገድ ላይ አይሰማም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ፣ ሰውየው ቤቱ ሳለ፣ የሚደግፈው ሰው በግራና በቀኝ ቆሞለት ነው የሚረዳው። ይህን ወግ ስደት አላስጣለንም፤ እኔም አልነቅፈውም።

«ቅዳሜ ይንፋ» አሉ ጋሽ ሕዝቅያስ። «ያዘነ ሰው ትንፋሽ የለውም። ይኼ መሣሪያ ደግሞ ያለ ትንፋሽ ቧንቧ ነው። እሑድ ንጋት እናረዳዋለን።»

«እስከዚያ እንዴት አድርጌ ዓይኑን አየዋለሁ?» አለች አጸደ።

«እንደምንም። ስልኩን ግን አርቂበት። ከአገር ቤት አንዱ ይደውልና ያፈርጠዋል።»

ስልኩን ማራቅ አልከበደም። መስታወቱ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። አጸደ ይጠገን ብላ ወስዳ ለከሊድ ሰጠችው። ከሊድ የጂጂጋ ልጅ ነው፤ ስልክ ይጠግናል፤ አማርኛውም ምላሱም ስለት ነው። ነገሩን ነገረችው። አጠፋውና መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ማንም ያላሰበው ነው።

ከሊድ ባንታየሁ ባለፈ ቁጥር የሚለው አያጣም ነበር። «አባ ጥሩምባ፣ ዛሬ ማንን ቀበርክ?» ይላል። ወይም «ጋሼ፣ ያን ጎላ አጥበህ ሩዝ ብንቀቅልበት አይሻልም?» ይላል። ባንታየሁ ፈገግ ይልና ያልፋል። ረቡዕ ጠዋት ሲያልፍ ከሊድ ብድግ አለለት።

«ጋሼ፣ ሻይ ይጠጡ» አለው።

«ስልኬስ?»

«ስፔሩ አልመጣም። ሰኞ ይደርሳል።» ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። «ይቀመጡ እንጂ።»

ባንታየሁ ሻዩን ጠጣ። አንድም ቀልድ አልመጣም። ሲሄድ ከሊድ እጁን በሁለት እጁ ይዞ ጨበጠው።

ቤት ሲገባ የአጸደ ዓይን ቀልቶ ነበር። «በርበሬው ነው» አለች። በርበሬ የገባበት ዓይንና ያለቀሰ ዓይን እንደሚለይ ከበርበሬ ነጋዴ ጋር የኖረ ሰው ያውቃል። ሐሙስ በጸሎት ጉባኤ ሴቶቹ ሲያዩት ዝም አሉ፤ አንዲት እናት አንገቱን አቅፋ ሳትለቀው ቆየች። ጋሽ ሕዝቅያስ ወትሮ የላቪንግተንን ወሬ ይዘውለት ይመጡ ነበር፤ ያን ዕለት በጎን በር ወጡ። ቤቱ ገብቶ ሲለማመድ፣ ከላይ ያለችው ጎረቤት ሁልጊዜ ወለሉን በመጥረጊያ እጀታ ትደበድብበት ነበር። ሐሙስ ማንም አልደበደበም። እስኪበቃው ነፋ። ያ ዝምታ ነው አንጀቱን የቆረጠው።

ነገሩን በራሱ መንገድ ገጣጠመው። አውቶቡሱን የሚነዱት ጋሽ ሕዝቅያስ ሰምተዋል፤ ወንበሩ ለጡረተኛው ተሰጥቷል፤ ኢስትሊ ሁሉ አውቋል፤ እስከ ቅዳሜ እንዳላዝን ደብቀውኛል፤ የሚያቅፉኝም አዝነውልኝ ነው አለ በልቡ። ኋላ እንዲህ ብሎ ነግሮኛል፦ «ቦርዱ ፊት ቆሜ፣ የተወሰነውን ነገር እንዳልተወሰነ አስመስዬ፣ እየታዘነልኝ ልነፋ? ሲያባርሩኝ ከማይ ራሴ ብሄድ አይሻልም?» እንዲህ ያለውን ኩራት የማያውቅ ሰው ይፈርድበት ይሆናል። እኔ አልፈርድበትም።

ዓርብ ወደ ላቪንግተን ሄደ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ያውቀዋል።

«ምዜ፣ ፈተናው ነገ አይደለም እንዴ?» አለው፤ ምዜ እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው።

«ነገ ነው። ይኼን ለሙዋሊሙ ስጥልኝ።» መሐረቡን ፈትቶ የቱባውን አፍ ሰጠው።

«ምን ልበላቸው?»

«ባንታየሁ አመስግኗል በላቸው። ነገ አይመጣም።»

«ይግቡና ራስዎ ይንገሯቸው። ከልጆቹ ጋር ናቸው።»

ከውስጥ ልጆች አዲሶቹን መሣሪያዎች ሲሞክሩ ይሰማል፤ ድምፁ እናቱ የራቀችበት ጥጃ ይመስላል። ባንታየሁ ጆሮውን ሰጥቶ ቆመ።

«ከጉንጫቸው ነው የሚነፉት» አለ። «ከሆድ ነው መነፋት ያለበት። ንገርልኝ።»

መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከቶ ተመለሰ። ዘበኛው መልእክቱን ያደረሰው አውቶቡሱ ልጆቹን ይዞ ከወጣ በኋላ ነው፤ ጋሽ ሕዝቅያስ አልሰሙም። ኦዲምቦ ወዲያው ደወለ። ደግሞም ደወለ። ስልኩ በከሊድ መሳቢያ ውስጥ ጠፍቶ ተቆልፏል። በነፊዎች ዘንድ የተዋሱትን አፍ መመለስ የመጨረሻ ቃል ነው። ኦዲምቦም ሰውየው ሌላ ቦታ አግኝቷል ብሎ ተወው።

ቅዳሜ ጠዋት አጸደ ጥቁር ልብሱን ተኩሳ ጠበቀችው። ለብሶ ወጣ። «ጌታ ካንተ ጋር ይሁን» አለችው፤ ፊቷን ቶሎ አዞረች። እሱም ፊቱን አዞረ። እያንዳንዳቸው ከሌላው እየተደበቁ ነበር።

በጥቁር ልብሱ ላይ ነጩን ካፖርት ደርቦ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለው ኢምባካሲ ነው የሄደው። ከመጋዘኖቹ ጀርባ አንድ የጭነት ሠራተኛ ይሸኝ ነበር። አውሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ ባንዱ ይዋጣል፤ ሲርቅ ከሁሉም ቀድሞ የሚሰማው የቱባው ድምፅ ነው። ባንታየሁ እስከ መጨረሻው ነፋ። የሟቹ ልጆች ሲያለቅሱ ዓይኑን አላነሣም፤ ሥራው እንደዚያ ነው።

ቤት ሲመለስ አጸደ በሩ ላይ ነበረች።

«እንዴት ነበር?»

«ነፋሁ።»

«ደኅና ነፋህ?»

«ደኅና ነፋሁ።»

ውሸት አልነበረበትም። እሷም ለጋሽ ሕዝቅያስ «ነፍቷል፣ ንጋት ላይ ኑ» ብላ ላከች።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩን አንኳኳን። ከተጠሩት አንዱ ነበርኩ። ጋሽ ሕዝቅያስ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረጃው ላይ፤ ከሊድም ከደረጃው ሥር ቆሟል። ባንታየሁ ራሱ ከፈተ። ተኝቶ ያደረ አይመስልም። እኛን አየ፤ ብዛታችንን አየ፤ መደርደሪያው አጠገብ ያለውን ወንበር ሳበ።

«ይግቡ ጋሽ ሕዝቅያስ» አለ። «ይህን ያህል ሰው ማስነሣት አያስፈልግም ነበር። የመጣችሁበትን አውቃለሁ።»

ጋሽ ሕዝቅያስ ወደ አጸደ ዞሩ። አጸደ ራሷን ነቀነቀች፤ አልነገርኩትም ማለቷ ነው።

«ታውቃለህ?» አሉት።

«ረቡዕ ዕለት ነው የገባኝ። ከሊድ ሳይቀልድብኝ ሲቀር። እናንተን እንዳላስቸግር ብዬ ዓርብ ራሴ ሄጄ ተሰናበትኩ። አፉንም መለስኩላቸው።»

«የምን አፍ?»

«የቱባውን አፍ ነዋ። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ የለም እንዴ?»

ጋሽ ሕዝቅያስ የበሩን መቃን ያዙ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ሌላዋ አፏን ያዘቻት። መርዶ ብዙ ጊዜ አርድቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሐዘን ይዘን በሩ ላይ ቆመን ነበር፤ አንዱን ያወቅነው ገና ያን ጊዜ ነበር።

«ባንታየሁ» አሉ ጋሽ ሕዝቅያስ በመጨረሻ። «ወንድሜ፣ በርታ። እናትህ አርፈዋል።»

አልጮኸም። ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘውት ነበር፤ መያዝ አላስፈለገውም።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

ወደ አጸደ አየ። ከዚያ ወደ ከሊድ። ከሊድ ደረጃውን ወጣና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀረበለት። ባንታየሁ ተቀበለው፤ አልከፈተውም። ተቀመጠ።

«ወንበሩስ?» አለ።

«ስለ ወንበሩ ማንም ምንም አላለም» አሉ ጋሽ ሕዝቅያስ። «እኔ ምንም አልሰማሁም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ለየትኛው እንዳለቀሰ ማንም አልጠየቀውም።

ሰኞ ጋሽ ሕዝቅያስ ኦዲምቦን ለመኑት። ኦዲምቦ ጥሩ ሰው ነው፤ አዘነ፤ ነገር ግን ቦርዱ የቀረበለትን አንድ ሰው ሰምቶ ተቀብሏል፤ ጡረተኛው ከሞምባሳ ዕቃውን ጭኖ ተነሥቷል። ባንታየሁ ቢቀርብ ያገኘው ነበር ወይ? እኔ አላውቅም፤ ኦዲምቦም አላውቅም አለ።

ለቅሶ ተቀመጥን። ባንታየሁ ፍራሹ ላይ ሆኖ የመጣውን ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ አጸደን ግን አያናግራትም። እሷም አትለማመጠውም፤ ውኃ ታቀርባለች፣ ታነሣለች። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሕዝቅያስ «ለእናትህ አንድ መዝሙር ንፋላቸው» አሉት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ተነሥቶ ኢውፎኒየሙን ከብርድ ልብሱ አወጣ።

የነፋው የመዝሙሩን ዜማ አይደለም። ከልጅነቱ የሚያውቀውን የታችኛውን ድምፅ ነው፤ ዜማው የሚቆምበትን መሬት እንጂ ዜማውን አይደለም። ቀስ ያለ፣ ወፍራም፣ አንድ ቦታ ቆሞ ቆይቶ ደረጃ የሚወርድ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የትኛው መዝሙር እንደሆነ የለየ የለም። ጋሽ ሕዝቅያስ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። ባንታየሁ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ።

ከጓዳ በር አጸደ መዘመር ጀመረች። ከግድግዳ ማዶ ስትሰማው የኖረች እሷ ናትና መግቢያውን አውቃው ነበር። ድምፅ የላትም፤ ይሰነጠቃል። ግን ቦታውን አልሳተችም። ያን ጊዜ ሁላችንም መዝሙሩን አወቅነውና ተከተልን። ባንታየሁ አላያትም። አላቆመምም። ሲጨርሱ እሷ ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ እሱ መሣሪያውን ጠቀለለ።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ኢምባካሲ ወይም ሌላ ሰፈር ሲነፋ ይውላል። እሑድ ለእናቱ ይደውል በነበረበት ሰዓት ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፤ መስታወቱ ተጠግኗል። ጋሽ ሕዝቅያስ የላቪንግተን ልጆች ቱባ ይዘው አውቶቡስ ሲሳፈሩ ያያሉ፤ ለባንታየሁ አይነግሩትም፤ እሱም አይጠይቅም።

ከሊድ ከዚያ ወዲህ ባንታየሁ ሲያልፍ ብድግ ይላል፤ ሻይ ያዛል፤ ይጨነቃል። ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ከሊድ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ሳለ ባንታየሁ መሣሪያውን አቅፎ ሲመለስ ቆመ።

«ከሊድ» አለው።

«አቤት ጋሼ።»

«ምን ሆነህ ነው ዝም የምትለው? ዝም ስትሉ እፈራለሁ።»

ከሊድ ወደ እኔ አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባ ጥሩምባ» አለ። «ዛሬ ማንን ቀበርክ?»

ድምፁ እንደ ድሮው አልወጣለትም። ባንታየሁ ግን ራሱን በእሺታ ነቀነቀለት፤ ብርድ ልብሱን አስተካክሎ መንገዱን ቀጠለ።